ነዳጅ ቆጣቢ የተባሉ ተጨማሪ ዕቃዎችና የአሜሪካ የናፍጣ ፒክ አፕ ታሪክ

በሞያችን ላይ የተሰማራ ሰው ደጋግሞ ከሚጠየቃቸው ጥያቄዎች አንዱ፣ «ይህን ዕቃ በመኪናዬ ላይ ባስገጥም ናፍጣ ይቀንስልኛልን?» የሚለው ነው። ጠያቂው ዕቃውን አስቀድሞ ገዝቶት እንደሆነ የሚፈልገው መልስ ሳይሆን መጽናኛ ነው። ገና ያልገዛ እንደሆነ ግን ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት እውነቱ ሊነገረው ይገባል። ችግሩ እውነቱ በ«አዎን» ወይም በ«አይደለም» የሚያልቅ አለመሆኑ ነው። የጥያቄው ታሪክ ከሁሉ ይልቅ በጉልህ የሚታየው በዩናይትድ ስቴትስ የናፍጣ ፒክ አፕ ላይ ስለሆነ፣ ወደዚያው መሄድ ግድ ይሆናል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩ የሚጀምረው በ1973 መከር ላይ ከደረሰው የነዳጅ እገዳ ነው። በ1974 መጀመሪያ የአሜሪካ መንግሥት በአገሪቱ አውራ ጎዳናዎች ሁሉ ከፍተኛው ፍጥነት በሰዓት 55 ማይል፣ ማለትም 88 ኪሎ ሜትር ገደማ እንዲሆን ደነገገ። በ1975 መጨረሻ የወጣው የኃይል ሕግ ደግሞ ለአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤቱ ያልተለመደ ሥራ ሰጠው፤ ነዳጅ ይቆጥባሉ ተብለው የሚሸጡ ዕቃዎችን እየመረመረ ውጤቱን ለሕዝብ እንዲያሳውቅ። በነዳጅ ቧንቧ ላይ የሚታሰር ማግኔት፣ ወደ ሞተር የሚገባውን አየር የሚያሽከረክር ክንፍ፣ እንፋሎት የሚረጭ ዕቃ፣ ከነዳጅ ጋር የሚደባለቅ ፈሳሽ፣ ሁሉም በየተራው ቀረበ። በዓመታት ውስጥ ከመቶ የሚበልጡ ዕቃዎች ተመረመሩ፤ የሚያስመካ ቁጠባ ያስገኘ ግን አልተገኘም። ጥቂቶቹ መጠነኛ ለውጥ አሳይተዋል፤ ከእነዚህም መካከል የጭሱን መርዝ ያበዙ ነበሩ። ምርመራው በአብዛኛው በቤንዚን መኪኖች ላይ የተደረገ ስለነበር የናፍጣ መኪና ባለቤቶች «የእኛ ነገር ሌላ ነው» ለማለት በር ተከፍቶላቸው ቀረ።

እርግጥ ነው፣ የናፍጣ ሞተር ነገር ሌላ ነው። ሩዶልፍ ዲዝል በ1897 በአውግስቡርግ ያስመረመረው ሞተር ከነዳጁ ሙቀት 26 በመቶ የሚሆነውን ወደ ሥራ ሲለውጥ፣ የዘመኑ የእንፋሎት ሞተሮች ከዚያ እጅግ ያነሰ ነበር የሚያስገኙት። ከፍ ያለ ግፊት ዋናው ምክንያት ነው። ሁለተኛው ምክንያት ግን ለርእሳችን ይበልጥ ይጠቅመናል። የቤንዚን ሞተር ኃይሉ የሚቀነሰው አየሩን በማነቅ ነው፤ የናፍጣ ሞተር ግን የሚቀነሰው የናፍጣውን መጠን በማሳነስ ሲሆን፣ አየሩ በነጻነት ይገባል። ስለዚህ በዝግታ ሲሄድ የሚባክነው ኃይል ጥቂት ነው። ከዚህ የሚከተለውን ሻጮች ሳይነግሩን ያልፋሉ፦ አየሩ አስቀድሞ ያልታነቀ ሞተር ላይ ሰፋ ያለ የአየር ፊልትሮና ወፍራም ማርሚታ ቢገጠም፣ በሜዳ ላይ በመጠነኛ ፍጥነት ሲጓዝ የሚያተርፈው ትንሽ ነው። ልዩነቱ የሚሰማው ሞተሩ ሙሉ ኃይሉን ሲያወጣ ነው፤ በዚያን ጊዜ ደግሞ ስለ ቁጠባ የሚያስብ ነጂ አይገኝም።

ጄኔራል ሞተርስ በ1978 የኦልድስሞቢልን 5.7 ሊትር የናፍጣ ሞተር በቀላል ፒክ አፕ ላይ ለገበያ አቀረበ። ሞተሩ የቤንዚን ሞተር ልኬቶችን የተከተለ ነበር፤ የቴስታው ቡሎኖች ቍጥርና አቀማመጥ ሳይለወጥ በመቅረቱ የናፍጣውን ግፊት መሸከም አቃታቸው። ውሃን ከናፍጣ የሚለይ ፊልትሮም አልነበረውም። በ1985 ምርቱ ሲቆም የናፍጣ ስም በአሜሪካ ገዢ ዘንድ ጠፍቶ ነበር። በ1982 የወጣው 6.2 ሊትር የጄኔራል ሞተርስ ሞተርና በ1983 ፎርድ ከኢንተርናሽናል ሀርቬስተር እየገዛ የገጠመው 6.9 ሊትር ግን ከመጀመሪያውም ለናፍጣ የተነደፉ ነበሩ። ሁለቱም ያለ ቱርቦ የሚሠሩ፣ ናፍጣውን በቅድሚያ ክፍል ውስጥ የሚያቃጥሉ፣ የማይቸኩሉ ሞተሮች ናቸው።

ተጨማሪ ዕቃ ሻጮች በእውነት የሚጠቅም ሥራ ያገኙት እዚህ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። እንደ ጌል ባንክስ ያሉ አዋቂዎች ለእነዚህ ሞተሮች ቱርቦ አዘጋጁ። ቱርቦ ከሚጣለው ጭስ ላይ ጉልበት ወስዶ አየር ስለሚጨምር፣ የፓምፑ ልክ ካልተነካ፣ ጭነት በተጫነበትና ዳገት በበዛበት መንገድ ጥቁሩ ጭስ ይቀንሳል፤ ጥቁር ጭስ ደግሞ ተከፍሎበት ያልተቃጠለ ነዳጅ ነው። ነገር ግን ቱርቦ ያስገጠመ ሰው ፓምፑን ሳያስከፍት መቅረቱ ብርቅ ነው። አየሩ ከተጨመረ ናፍጣውም ይጨመር ይባላል፤ ከዚያ በኋላ የተገዛው ቁጠባ ሳይሆን ጉልበት ነው።

ስሙ ብዙም የማይነሳው ሌላው ዕቃ ከቱርቦው ይልቅ ለቁጠባ የሚቀርብ ነበር። የዚያ ዘመን አውቶማቲክ ካምቢዮዎች አብዛኞቹ ሦስት ማርሽ ብቻ ስለነበራቸው፣ ሞተሩ በአውራ ጎዳና ላይ ያለ ልክ ይሽከረከር ነበር። ከካምቢዮው ኋላ የሚገጠም ተጨማሪ ማርሽ የሞተሩን ዙር በ22 በመቶ ያህል ይቀንሳል። ዙሩ ሲቀንስ በፒስቶንና በተሸካሚዎች ላይ ያለው ሰበቃ ይቀንሳል፤ ያው ሥራ በአነስተኛ ዙርና በከፍተኛ ጭነት ሲሠራ ናፍጣው በተሻለ ይጠቅማል። ድምፅ የለውም፣ ጭስ የለውም፣ ለጎረቤት የሚታይ ነገር የለውም። ምናልባትም ያልተወራለት ለዚህ ይሆናል። ፋብሪካዎቹ ራሳቸው አራተኛውን ማርሽ ሲያስገቡ ጥቅሙ የሁሉም ሆነ፤ ዕቃውም ለአዳዲሶቹ መኪኖች አስፈላጊነቱ ቀነሰ።

በ1989 ዶጅ 5.9 ሊትር የካሚንስ ሞተር ገጠመ፤ ስድስት ሲሊንደር፣ ከፋብሪካው ባለ ቱርቦ፣ ናፍጣውን በቀጥታ በፒስቶኑ ላይ የሚረጭ። ካሚንስ ለቁጠባ አዲስ ስም አልነበረም፤ በ1931 በኢንዲያናፖሊስ የ500 ማይል ውድድር ያሰለፈው የናፍጣ መኪና አንድ ጊዜ እንኳ ለነዳጅ ሳይቆም ጨርሶ ነበር። በቀጥታ መርጨቱ ብቻ ከቅድሚያ ክፍሉ ሞተሮች ይልቅ ከ10 እስከ 15 በመቶ የሚደርስ ብልጫ ይሰጣል። በሌላ አነጋገር፣ በአምስት ዓመት ውስጥ ሻጮች ሊያስገኙ ከሞከሩት ሁሉ የሚበልጠውን ቁጠባ የሞተሩ ንድፍ ራሱ አስገኘው።

ከዚህ በኋላ ያለው የ1990ዎቹ ታሪክ ይበልጥ አስቸጋሪ ነው። መንግሥት የናይትሮጅን ኦክሳይድን መጠን እያጠበበ ሲሄድ ፋብሪካዎቹ ናፍጣው የሚረጭበትን ቅጽበት ወደ ኋላ አዘገዩት፤ እሳቱ ሲዘገይ የሙቀቱ ጫፍ ዝቅ ስለሚል መርዙ ይቀንሳልና። ዋጋው ነዳጅ ነው። ስለዚህ በጋራዥ ውስጥ ፓምፑን በጥቂት ዲግሪ ወደ ፊት ያስኬደ መካኒክ እውነተኛ ቁጠባ አግኝቷል። ይህን መካድ ሐቀኝነት አይሆንም። ነገር ግን ያገኘው ፋብሪካው ሳያውቅ የተወውን ሀብት ሳይሆን፣ ፋብሪካው ለሌላው ሰው ሳንባ ሲል የከፈለውን ዋጋ መልሶ በኪሱ ማስገባቱ ነው።

ኤሌክትሮኒክ መቆጣጠሪያ ሲመጣ ነገሩ ከብሎን ወደ ሳጥን ተለወጠ። በ2001 ዱራማክስ፣ በ2003 ደግሞ አዲሱ ካሚንስ ናፍጣውን በከፍተኛ ግፊት በጋራ ቧንቧ ውስጥ አጠራቅመው የሚረጩ ሆኑ። ርካሹ ሳጥን የሚሠራው በማታለል ነው፤ በቧንቧው ያለው ግፊት ከእውነተኛው ያነሰ መስሎ እንዲታይ ምልክቱን ይለውጣል፤ ኮምፒዩተሩም ግፊቱን ከፍ ያደርገዋል። እዚህ ላይ ብዙዎቻችን ያላስተዋልነው ወጥመድ አለ። በዳሽቦርዱ ላይ የሚታየውን የፍጆታ ቍጥር የሚያሰላው ይኸው የተታለለው ኮምፒዩተር ነው። ብዙ ናፍጣ እየረጨ ጥቂት የረጨ ስለሚመስለው፣ ባለቤቱ ቁጠባውን «በዓይኔ አየሁ» ይላል። ያየው ሐሰት ነው፤ እርሱ ግን አልዋሸም።

ሁለተኛው ወጥመድ ጎማ ነው። ዲያሜትሩ በ10 በመቶ የሚበልጥ ጎማ የተገጠመለት መኪና 110 ኪሎ ሜትር ተጉዞ 100 ብቻ ይቈጥራል። ያኔ ፍጆታው የከፋ መስሎ ይታያል። ባለቤቱ በኋላ ኮምፒዩተሩን በአዲስ ፕሮግራም ሲያስጽፍ የጎማው ልክም አብሮ ከተስተካከለ፣ በሞተሩ ውስጥ አንዳች ነገር ሳይለወጥ የ10 በመቶ «መሻሻል» ይመዘገባል። የክረምቱ ናፍጣ ከበጋው ይልቅ በሊትር ያለው ሙቀት ማነሱንና ገንዘብ ያወጣ ነጂ ለጥቂት ሳምንታት ረጋ ብሎ መንዳቱን ስንጨምርበት፣ የምስክሮቹ ብዛት ስለምን እንደማያሳምነን ግልጽ ይሆናል።

ከ2007 ጀምሮ የጥላሸት ማጣሪያ የግድ ሆነ። ማጣሪያው ሲሞላ በውስጡ የተጠራቀመው ጥላሸት የሚቃጠለው ተጨማሪ ናፍጣ በመርጨት ነው፤ ያ ናፍጣ መኪናውን አንድ ሜትር አያራምድም። ስለዚህ ማጣሪያውን ቈርጦ የጣለ ሰው ፍጆታው ቀነሰልኝ ቢል ላምነው እችላለሁ። በ2010 አካባቢ የዩሪያ ፈሳሽ በማርሚታው ውስጥ ናይትሮጅን ኦክሳይድን ማጥፋት ሲጀምር ግን መሐንዲሶቹ እሳቱን እንደገና ወደ ቀናው ቅጽበት ለመመለስ ነጻነት አገኙ፤ መቍረጡ የሚያስገኘውም ትርፍ በዚያው መጠን አነሰ። የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤቱ በ2020 ባወጣው ጥናት፣ ባለፉት አሥር ዓመታት ከ550 ሺሕ በላይ የናፍጣ ፒክ አፖች ማጣሪያቸው እንደተነሣባቸውና በዚህ የተነሣ ከ570 ሺሕ ቶን በላይ ትርፍ ናይትሮጅን ኦክሳይድ በዕድሜያቸው እንደሚወጣ ገምቷል። ጉዳቱ ማጣሪያቸው ያልተነካ ዘጠኝ ሚሊዮን መኪኖች በመንገድ ላይ እንደመጨመር ነው ብሏል።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንምጣ። ሦስት ቶን የሚመዝን ፒክ አፕ በሰዓት 110 ኪሎ ሜትር ሲጓዝ አየሩን ለመሰንጠቅ ወደ 780 ኒውተን፣ ለጎማው መንከባለል ደግሞ ወደ 290 ኒውተን ኃይል ይፈልጋል እንበል። ወደ 90 ኪሎ ሜትር ዝቅ ሲል የአየሩ ድርሻ በፍጥነቱ ካሬ ስለሚቀንስ 520 ገደማ ይሆናል፤ የጎማው ግን እምብዛም አይለወጥም። በየኪሎ ሜትሩ የሚያስፈልገው ሥራ በሩብ ያህል ቀነሰ ማለት ነው። ከላይ ከቈጠርናቸው ዕቃዎች ይህን ያህል የሚሰጥ አንድም የለም። በዓመት 24 ሺሕ ኪሎ ሜትር የሚሄድና በመቶ ኪሎ ሜትር 14 ሊትር የሚጠጣ መኪና በዓመት 3,360 ሊትር ይፈልጋል፤ አምስት በመቶ ቢቆጥብ 168 ሊትር ይሆናል። ዕቃው 1,500 ዶላር፣ ናፍጣውም በሊትር አንድ ዶላር ቢሆን፣ ገንዘቡ እስኪመለስ ዘጠኝ ዓመት ገደማ ያልፋል።

ለአገራችን አንድ ነገር ሳይለይ አይታለፍም። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ብላ በመገኘቷ፣ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል ያንሳል። ቱርቦ የሌለውና ፓምፑ ለቈላ የተለካ አሮጌ ፒክ አፕ ከዓባይ ሸለቆ ወደ ጎሐ ጽዮን ሲወጣ የሚለቀው ጥቁር ጭስ ከዚህ የመጣ ነው። ለእንዲህ ያለው መኪና የፓምፑን ልክ ለደጋው አየር መቀነስ፣ ወይም ፓምፑን ሳይነኩ ቱርቦ ማስገጠም፣ ከአሜሪካ ሜዳ ይልቅ እዚህ ትርጕም አለው። የመጀመሪያው ጉልበት ያሳጣል፤ ዋጋው ግን የአንድ ጥሩ የፓምፕ ባለሙያ የቀን ሥራ ነው።

ዕቃ እንዲመሰክርለት የሚፈልግ ሻጭ ወደ ጋራዣችሁ ቢመጣ፣ የአሜሪካ የአውቶሞቲቭ መሐንዲሶች ማኅበር በ1980ዎቹ ለከባድ መኪኖች የደነገገውን የመንገድ ምርመራ ጠይቁት። ሁለት ተመሳሳይ መኪኖች በአንድ ቀን፣ በአንድ መንገድ፣ በአንድ ጭነት ይሄዳሉ፤ ዕቃው የሚገጠመው በአንደኛው ብቻ ነው፤ ሌላው ነፋሱንና ሙቀቱን ይመሰክራል። ናፍጣው በሊትር አይለካም፤ ተነቃይ ሰልባቲዮው ከጉዞው በፊትና በኋላ በሚዛን ይመዘናል። ሦስት ጉዞዎች እርስ በርሳቸው በ2 በመቶ ውስጥ እስኪገጣጠሙ ድረስ ጉዞው ይደገማል።