ቲፒዩ
ቲፒዩ ጉግል ለአንድ ሥራ ብቻ፣ ለሰው ሠራሽ አስተውሎት ስሌት፣ የነደፈው ቺፕ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 ኩባንያው ሲያሰላ፣ ተጠቃሚዎቹ በቀን ሦስት ደቂቃ ያህል በድምፅ ቢፈልጉ የመረጃ ማዕከላቱን በእጥፍ ማሳደግ እንደሚኖርበት ተረዳ። ይህን ለማስቀረት በ2015 ቲፒዩን ሥራ ላይ አዋለ።

የመጀመሪያው ትውልድ 65,536 ትንንሽ ማባዣዎች በ256 ረድፍና በ256 ዓምድ የተደረደሩበት ነው። እያንዳንዱ ያሰላውን ወደ ማኅደረ ትውስታ ሳይመልስ፣ ግንበኞች ድንጋይ እንደሚቀባበሉት፣ በቀጥታ ለጎረቤቱ ያቀብላል። ትልቁ ብልሃት ለእኔ ይኸ ነው፤ ከማባዛቱ ይልቅ ኤሌክትሪኩን የሚበላው ቁጥሩን ከማኅደረ ትውስታ ማመላለሱ ነውና። ቁጥሮቹም ባለ 8 ቢት ብቻ ናቸው፤ ለዚህ ሥራ ይበቃሉ።

አፕልም ከ2017 ጀምሮ ኒውራል ኤንጅን የተባለ የቲፒዩ ዘመድ በአይፎን ቺፕ ውስጥ አስገብቷል፤ ስልኩ የባለቤቱን ፊት አይቶ የሚከፈተው በእሱ አጋዥነት ነው።