የባንጋሎር መሐንዲሶች ደመወዝ

በደቡብ ሕንድ ደጋ፣ ከባሕር ወለል በላይ 900 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የተቀመጠችው ባንጋሎር የኮምፒዩተር ጥበብ መዲና ተብላ ስትጠራ የሚሰማ ሰው ይህ ክብር በአንድ ሌሊት የወረደላት ይመስለው ይሆናል፤ ነገር ግን በፈረንጆች አቆጣጠር በ1909 ከፍተኛ የሳይንስ ተቋም፣ በ1940ም የአውሮፕላን ፋብሪካ ስለ ተመሠረተባት፣ የባዕድ ባለ ሀብት ፊቱን ወደ እርሷ ከመመለሱ አስቀድሞ መሐንዲሶችን ታፈራ ነበር።

የጎደላት ገበያ ነው። ስለዚህ የሕንድ የሶፍትዌር ነጋዴዎች በመጀመሪያው ዘመን የሚያተርፉት ሠራተኛውን ራሱን በአውሮፕላን አሳፍረው ወደ አሜሪካና ወደ አውሮፓ በመላክ ነበር፤ እርሱም በደንበኛው ቢሮ ተቀምጦ ፕሮግራሙን ይጽፋል፣ ሥራው ሲፈጸም ወደ አገሩ ይመለሳል። በ1981 ሰባት መሐንዲሶች በ10,000 ሩፒ በፑኔ ያቋቋሙት፣ በ1983 ወደ ባንጋሎር የተዛወረው ኢንፎሲስም ጉዞውን የጀመረው በዚሁ መንገድ ነው።

በ1985 ግን ቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በከተማይቱ የንድፍ ቢሮ ከፍቶ የሳተላይት መስመር አስገባ፤ የሳተላይት ጣቢያው ዕቃ በበሬ በሚጎተት ጋሪ ተጭኖ እንደ ደረሰ ይነገራል። ከዚያ ወዲህ ሰው በቀዬው ሲኖር ሥራው ብቻ ባሕር ይሻገር ጀመር። አሠሪው በአሜሪካ ዋጋ የሚሸጠውን በሕንድ ደመወዝ ስላሠራ ልዩነቱ ትርፍ ሆነለት፤ ያው ደመወዝ ለመሐንዲሱ ከመንግሥት ፋብሪካ የተሻለ ስለ ነበረ ወጣቱ ሁሉ ወደዚያው ጎረፈ።

ዓመተ ምሕረትን በሁለት አኃዝ ብቻ የመዘገቡ አሮጌ ፕሮግራሞች 2000 ሲገባ እንዳይሳሳቱ ማረም ግድ በሆነ ጊዜ፣ የፈላጊው ብዛት ከባለሙያው ቍጥር በለጠ፤ ልምድ ያለውም ሰው ካንዱ ቤት ወደ ሌላው እየተሻገረ ደመወዙን ያስጨምር ጀመር። ኢንፎሲስ ከ1994 ጀምሮ ለሠራተኞቹ አክሲዮን ማካፈሉ፣ ከቸርነት ይልቅ ሰው እንዳይሸሽበት ከመፍራት የመጣ ጥበብ ነው ቢባል ሐሰት አይሆንም።

በ2020 የኮሮና ወረርሽኝ ሠራተኛውን ሁሉ ወደየቤቱ ከሰደደ በኋላ ይኸው የባለሙያ ሽሚያ ተደገመ፤ በ2022 ከኢንፎሲስ ሠራተኞች ከመቶ ከ25 የሚበልጡት በዓመት ውስጥ ይለቁ ነበር። በዚያም ወራት እንኳ ከየኮሌጁ በገፍ የሚመረቀው ጀማሪ፣ በታላላቆቹ ኩባንያዎች ከአሥር ዓመት በላይ ሲከፈል ከኖረው፣ በዓመት ከ300,000 እስከ 350,000 ሩፒ ከሚሆነው ደመወዝ እምብዛም ፈቅ አላለም፤ ኑሮው ግን ከዓመት ዓመት ተወዷል።

እንግዲህ የሳተላይቱ መስመር ጀማሪውንና ሊቁን ሳይለይ ለሁለቱም ሥራ ካመጣ፣ ደመወዛቸውን የለያየው ርቀቱ ሊሆን አይችልም፤ የለያየው የአንደኛው ምትክ በቶሎ መገኘቱ፣ የሌላው ምትክ ግን መታጣቱ ነው። ስለዚህ ሥራ በሩቅ መሠራቱ ደመወዝን ያወርዳል ወይስ ያወጣል ብሎ የሚከራከር ሰው፣ አስቀድሞ የማንን ደመወዝ ማለቱ እንደ ሆነ ለይቶ መናገር ይገባዋል።