የቤት ሴፕቲክ ታንክ አያያዝና መደረግ ያለበት ጥንቃቄ

የፍሳሽ መስመር ባልተዘረጋባቸው ከተሞችና ቀበሌዎች ከመጸዳጃ ቤት፣ ከመታጠቢያና ከኩሽና የሚወጣው ፍሳሽ በግቢ ውስጥ በተሠራ ሴፕቲክ ታንክ ይጠራቀማል። ታንኩ ከመሬት በታች በመኾኑ ጉድለቱ ብዙ ጊዜ የሚታወቀው ሞልቶ ከፈሰሰ በኋላ ነው። በወቅቱ ክትትል ከተደረገለት ግን ለረጅም ዓመታት ያገለግላል።

አሠራሩ

ወደ ታንኩ የገባው ፍሳሽ በሦስት ይለያል። ከባዱ ወደ ታች ይዘቅጣል፤ ዘይትና ቅባት ከላይ ይንሳፈፋል፤ በመካከል የሚቀረው ውኃ ወደ ማስረጊያ ጉድጓድ አልፎ በአፈር ይጣራል። ዝቃጩን ባክቴሪያዎች ያብላሉታል፤ ኾኖም ሙሉ በሙሉ አያጠፉትም። የተረፈው በጊዜው ካልተነሳ ወደ ማስረጊያው ያልፍና አፈሩን ይደፍነዋል። የተደፈነ ማስረጊያን እንደ አዲስ መሥራት ደግሞ ታንኩን ከማስመጠጥ የበለጠ ወጪ ያስከትላል።

መቼ ይመጠጥ?

ለአንድ ቤተሰብ በተሠራ ታንክ በአብዛኛው በየ3 እስከ 5 ዓመቱ ማስመጠጥ ይመከራል። ተከራይ በበዛበት ግቢ ጊዜው ያጥራል። ጫፉ በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ ረጅም እንጨት ከላይ ኾኖ እስከ ታንኩ ወለል በመስደድ ዝቃጩን መለካት ይቻላል፤ ጨርቁ ላይ የሚቀረው ጥቁር ምልክት የዝቃጩን ከፍታ ያሳያል። የፍሳሹ ጥልቀት 1 ሜትር ተኩል ኾኖ ዝቃጩና ከላይ የተንሳፈፈው ቅባት በድምሩ 50 ሳንቲ ሜትር ከደረሰ የመምጠጫ ተሽከርካሪ መጥራት ያስፈልጋል። የመጸዳጃው ውኃ ቀስ ብሎ መውረድ፣ መጥፎ ሽታና በበጋ የታንኩ አካባቢ መርጠብም የማስጠንቀቂያ ምልክቶች ናቸው።

ወደ ታንኩ መግባት የሌለባቸው

ጨርቅ፣ ዳይፐር፣ ፕላስቲክ፣ የምግብ ዘይት፣ የቡናና የጠላ አተላ ታንኩን ያለጊዜው ይሞላሉ። በብዛት የሚደፋ በረኪና፣ አሲድ፣ ነዳጅና ፀረ ተባይ ኬሚካል ባክቴሪያዎቹን ይገድላል። ከጣሪያ የሚወርድ የዝናብ ውኃም በሌላ ቦይ መሄድ አለበት። ሥሩ ታንኩን ሊሰነጥቅ ስለሚችል ባሕር ዛፍና ሌሎች ትልልቅ ዛፎች በአቅራቢያው አይተከሉም።

ማንም ወደ ውስጥ አይግባ

በታንኩ ውስጥ የሚፈጠረው ጋዝ በደቂቃዎች ውስጥ ሰውን ይገድላል። ሽታው ጠፋ ማለት ጋዙ ጠፋ ማለት አይደለም፤ መጠኑ ሲበዛ የማሽተት ስሜትን ያደነዝዛል። የወደቀን ሰው ለማውጣት ያለ መከላከያ የሚገባም ለተመሳሳይ አደጋ ይጋለጣል። ስለዚህ ለርዳታ ሰጪዎች መደወል እንጂ ተከትሎ መግባት አይገባም። ጋዙ ስለሚቀጣጠል ክዳኑ ሲከፈት ክብሪት ወይም ሻማ አይለኮስም። ክዳኑም ሕጻናት ሊያነሱት የማይችሉት፣ ጠንካራና በሚገባ የተገጠመ ሊኾን ይገባል።

የውኃ ጉድጓድና ማሳ

የመጠጥ ውኃ ጉድጓድ ከታንኩና ከማስረጊያው ቢያንስ 30 ሜትር ርቆ፣ በተቻለ መጠንም ከፍ ባለ ቦታ ላይ መገኘት አለበት። ከታንክ የወጣ ጥሬ ዝቃጭ ለአትክልት ማሳ ማዳበሪያ አይኾንም፤ የወስፋት ትል እንቁላል በአፈር ውስጥ ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ሳይሞት ይቆያል። ዝቃጩን ወደ ወንዝ መልቀቅም ከታች ያለውን ነዋሪ ለኮሌራና ለታይፎይድ ያጋልጣል። በመኾኑም ባለቤቱ ዝቃጩ ለዚሁ ወደ ተዘጋጀ ማስወገጃ መወሰዱን ማረጋገጥ ይጠበቅበታል።