ጥይትና ዒላማው፤ ከውጅግራ እስከ መዳብ አረር

አዲስ አበባን ከደቡብ ምዕራብ፣ ከምዕራብና ከሰሜን የሚያዋስኗት ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ዛሬ በፋብሪካና በመኖሪያ ቤት ብዛት የሚታወቁ፣ በሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር የተጠቃለሉ ሥፍራዎች ናቸው። ይሁን እንጂ ከሰበታ በላይ በወጨጫ ተራራ ጎን የተዘረጋው የመናገሻ ሱባ ደን፣ ትውፊት እንደሚለው ከዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ጀምሮ የተጠበቀ በመሆኑ፣ የአካባቢውን የጥንት መልክ ይዞ ይገኛል። በጥዱ ጥላ ሥር የሚኖረው ጠቆር ያለ ድኩላ፣ ጀርመናዊው ኦስካር ኖይማን እ.ኤ.አ. በ1902 በዳግማዊ ምኒልክ ስም የሰየመው፣ ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር በሌላ አገር የማይገኝ እንስሳ ነው። ደኑ የሚጠበቅ እንጂ የአደን ሜዳ አይደለም። ነገር ግን «ድኩላን የሚያህል እንስሳ በምን ዓይነት ጥይት ይመታል?» የሚለው ጥያቄ፣ አዳኝን ብቻ የሚመለከት ቢመስልም፣ የአገራችንን ታሪክ በአንድ ከባድ ወቅት የነካ ስለ ሆነ፣ የሙያ ጓደኞቼ ለጥቂት ጊዜ እንዲያስቡበት ማቅረቡ ተገቢ መስሎ ታየኝ።

የጠመንጃ ስሞቻችን ራሳቸው የታሪክ መዝገብ ናቸው። ሰናድር ከእንግሊዙ ስናይደር፣ ውጅግራ ከፈረንሳዩ ፉዚ ግራ፣ ለበን ከለበል፣ በልጅግ ከቤልጅግ የመጡ ቃላት ናቸው። ከመዲናይቱ በቡራዩ በኩል ወደ ወለጋ፣ በሱሉልታ በኩል ወደ ጎጃም በሚያወጡት መንገዶች የተጓዘ ሰው ሁሉ እነዚህን ስሞች ያውቃቸው ነበር። ጥይትም እንደ አሞሌ ጨው በገበያ እስከ መገበያየት ደርሶ ነበር።

የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዐድዋ ከተተኮሱት ጠመንጃዎች አንዱ ውጅግራ ነው። አረሩ 11 ሚሊ ሜትር ስፋትና 25 ግራም ክብደት ያለው እርሳስ ሲሆን፣ ከአፈሙዝ የሚወጣው በሰከንድ 450 ሜትር ገደማ በሚሆን ፍጥነት ነው። ጭሱ ተኳሹን ያጋልጣል፤ ራቅ ሲል አረሩ ቶሎ ወደ መሬት ያዘቀዝቃል። ሆኖም ልብስ የሌለው እርሳስ በሥጋና በዐጥንት ላይ ሲያርፍ ስለሚደፈጠጥ፣ የተመታው እንስሳ ርቆ አይሄድም ነበር።

ፈረንሳዊው ፖል ቪዬይ እ.ኤ.አ. በ1884 ጭስ አልባውን ባሩድ ከሠራ በኋላ፣ በ1886 የወጣው ለበን ይህን ሁሉ ለወጠው። የአረሩ ስፋት ወደ 8 ሚሊ ሜትር፣ ክብደቱ ወደ 15 ግራም ወረደ፤ ፍጥነቱ ግን በሰከንድ ከ600 ሜትር በላይ ሆነ። በዚህ ፍጥነት ራቁት እርሳስ በአፈሙዙ ጥምዝ ላይ እየተላጠ ስለሚቀር፣ በጠንካራ ብረት ልብስ መሸፈን ግድ ሆነ። እዚህ ላይ አንድ ነገር እናስተውል። ሂሳቡን ብንሠራ የውጅግራ አረር ጉልበት 2500 ጁል፣ የለበን ደግሞ 2800 ጁል ገደማ ነው፤ ልዩነቱ ብዙ አይደለም። ነገር ግን የአዲሱ አረር የፊት ስፋት የአሮጌውን ግማሽ ያህል ብቻ ከመሆኑም በላይ፣ ልብሱ ስለሚያግደው አይደፈጠጥም። ስለዚህ በጠባብ ቀዳዳ ገብቶ አብዛኛውን ጉልበቱን እንደ ያዘ በወዲያኛው ጎን ይወጣል።

ይህ ጠባይ ለዝሆን አደን ጥሩ ነው፤ ወፍራም ዐጥንት ጥሶ አንጎል ዘንድ መድረስ የሚችለው የማይደፈጠጥ አረር ብቻ ነውና። የኢትዮጵያን ምዕራብ ጭምር የዞረው ስመ ጥሩው የዝሆን አዳኝ ቤል፣ በ7 ሚሊ ሜትር ጠመንጃና በሙሉ ልብስ አረር ብዙ ዝሆን መግደሉ የታወቀ ነው። ለድኩላ ግን ነገሩ ተቃራኒ ነው። ልቡን ወይም አከርካሪውን ካልነካው በቀር፣ የተወጋው ድኩላ ጫካ ገብቶ ከብዙ ሥቃይ በኋላ ይሞታል፤ ሥጋውም የጅብ ይሆናል። በአገራችን በሕዝብ እጅ የነበረው ጠመንጃ አብዛኛው የጦር መሣሪያ፣ ጥይቱም የጦር ጥይት ስለ ነበር፣ እንዲህ የባከነው አውሬ ጥቂት አይሆንም።

ለዚህ የተገኘው መፍትሔ ልብሱን ከአረሩ ጫፍ ላይ መግፈፍ ነበር። ይኸው ዘዴ በሕንድ አገር፣ በካልካታ አጠገብ ባለው የዱምዱም ጥይት ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1890ዎቹ ለጦርነት ስለ ዋለ፣ ስሙ በዓለም ተሰማ። እ.ኤ.አ. በ1899 የላሄ ጉባኤ በሰው ሰውነት ውስጥ በቀላሉ የሚሰፋ ወይም የሚደፈጠጥ ጥይት በጦርነት እንዳይሠራበት አወጀ። ከዚያ ወዲህ የጦረኛውና የአዳኙ ጥይት ተለያዩ፤ በጦር ሜዳ የተከለከለው ሥቃይን ስለሚያበዛ ነው፤ በአደን የሚመረጠው ደግሞ ሥቃይን ስለሚያሳጥር ነው።

ይህ ልዩነት እ.ኤ.አ. በ1935 እና በ1936 በአገራችን ላይ መሣሪያ ሆነ። ወራሪዋ ኢጣልያ ኢትዮጵያውያን በዱምዱም ይዋጋሉ ብላ ለመንግሥታት ማኅበር ክስ አቀረበች፤ ጫፈ ለስላሳ የአደን ጥይቶችንም በማስረጃነት አሳየች። ራሷ ግን የ1925ቱን የጄኔቭ ስምምነት ጥሳ፣ ከታኅሣሥ 1935 ጀምሮ በሠራዊታችንና በሕዝባችን ላይ የሰናፍጭ ጋዝ ታዘንብ ነበር፤ ለዚህም ካቀረበቻቸው ምክንያቶች አንዱ ይኸው የጥይት ክስ ነው። ልብ ሊባል የሚገባው፣ ከቤቱ ውጅግራ ይዞ የዘመተ ገበሬ ያለው ጥይት አያቱ የተኮሱበት ራቁት እርሳስ መሆኑና፣ ቁስሉም ሰፊ መሆኑ ከዕድሜው የመጣ እንጂ የተንኮል ሥራ አለመሆኑ ነው። ጥይትና ቁስልን የሚያውቅ ባለሙያ ይህን ለመለየት አይቸገርም ነበር፤ ክሱን ያሰሙት ግን መለየቱን አልፈለጉትም።

ከጦርነቱ በኋላ የአደን ጥይት በሌላ አቅጣጫ ተሻሻለ። ጫፈ ለስላሳው አረር ከትልቅ እንስሳ ትከሻ ላይ ሲያርፍ ይፈረካከስና ሳይጠልቅ ይቀር ነበር። አሜሪካዊው ጆን ኖስለር እ.ኤ.አ. በ1948 ለገበያ ያቀረበው አረር፣ በመካከሉ የመዳብ ቅይጥ ግድግዳ ስላለው፣ የፊቱ ክፍል ሲሰፋ የኋላው ሳይፈርስ ይጠልቃል። በ1989 ደግሞ ባርንስ የተባለው ድርጅት ሙሉ በሙሉ ከመዳብ የተሠራ፣ ጫፉ እንደ አበባ የሚከፈት አረር አወጣ። የእርሳስ ፍርፋሪ የአደን ትራፊ የሚበላውን ጥንብ አንሣ እንደሚመርዝ ስለ ታወቀ፣ የካሊፎርኒያ ግዛት ከ2019 ጀምሮ ለአደን የእርሳስ ጥይት ከልክላለች።

በፈረንጅ መጻሕፍት የሚወሳው፣ ቀንዱን በየዓመቱ የሚጥለው እንስሳ በአገራችን የለም። የእኛ ትልቁ የደጋ አውሬ፣ አይቨር በክስተን እ.ኤ.አ. በ1908 በአርሲ ተኩሶ ለሳይንስ ያስተዋወቀውና ወንዱ ከ200 ኪሎ ግራም በላይ የሚመዝነው የደጋ አጋዘን ነው። በፈቃድ ብቻ ለሚታደነው ለዚህ እንስሳ የሚስማማው ሰፍቶም የሚጠልቅ አረር ነው፤ ክብደቱ ከ80 ኪሎ ግራም እምብዛም ለማያልፈው ድኩላ ደግሞ ቶሎ የሚሰፋው ይበቃል። የጦር ጥይት ለሁለቱም አይሆንም።

እኛ መሐንዲሶች መሠረት ከመጣላችን በፊት አፈሩን እንመረምራለን፤ የሰበታው ጥቁር አፈርና የእንጦጦው ዐለት አንድ ዓይነት መሠረት አይቀበሉምና። የጥይትም ነገር እንደዚሁ ነው። ተኳሹ አስቀድሞ ማወቅ ያለበት የጠመንጃውን ስም ሳይሆን አረሩ የሚያርፍበትን ነገር ነው። ይህን ሳያውቅ የሚተኩስ አዳኝ ኃጢአቱን በጫካ ውስጥ ትቶ ይሄዳል። ይህን የማያውቅ ሕዝብ ደግሞ፣ በ1936 እንዳየነው፣ በሐሰት ሲከሰስ የሚከራከርለት ባለሙያ ያጣል።