«ቀጠሮ ይሰጠኝ»፦ ጠበቃ ያጣ ባለጉዳይ ጥያቄና የቃላቱ ታሪክ

በፍትሐ ብሔር ክርክር ጠበቃ ሳይኖረው የክርክሩ ቀን የደረሰበት ባለጉዳይ ችሎት ፊት ቆሞ «ጠበቃ እንድቀጥር ቀጠሮ ይሰጠኝ» ይላል። በዚህች አጭር ዐረፍተ ነገር ውስጥ የ«ቀጠረ» ዘር ሁለት ጊዜ ገብቷል፤ ፊተኛው ሰውን በዋጋ ለሥራ መያዝ፥ ኋለኛው ቀን ቈርጦ መወሰን ነው። ለተናጋሪውም ሆነ ለዳኛው ይህ አያደናግርም። ለመዝገበ ቃላት አዘጋጅና ለተርጓሚ ግን ሥራ አለበት፤ በሌሎች የሕግ ቋንቋዎች ለየብቻ የሚጠሩ ነገሮች በአማርኛ «ቀጠሮ» በሚለው አንድ ስም ሥር ተጠቃለው ይገኛሉና።

በቀድሞው የሙግት ሥርዐት ባለጉዳይ ብዙውን ጊዜ የገዛ ራሱ ተናጋሪ ነበር። በ«በላ ልበልሃ» የሚሟገት ሰው በአንደበቱ ይረታል፤ አንደበት የሌለው ነገር ዐዋቂ ዘመድ ወይም ወዳጅ ከጎኑ ያቆማል። ዛሬም «ጠበቃ አቆመ» የምንለው ከዚህ አነጋገር ጋር የሚስማማ ነው። በዚያ ዘመን የቀን መራዘም የሚያስከትለው መከራ ዛሬ ከምናውቀው የተለየ ነበር። ከሳሽና ተከሳሽ ነጠላ ለነጠላ ተቋጥረው፥ አንዳንዴም በሰንሰለት ተቈራኝተው እስከ ዳኛው ድረስ አብረው ይጓዙ ነበርና፥ ቀን በተራዘመ ቁጥር መቈራኘቱም ይራዘማል። ከዚህ የሚያላቅቀው ዋስ ነው፤ ዋስ የጠራ ሰው እስከ ቀጠሮው ቀን ቤቱ ይሰነብታል። ቁርኝቱ ከችሎት ከጠፋ ቈይቷል፤ ቃሉ ግን ከታመመ ሰው ጋር ቀርቷል፤ «የአልጋ ቁራኛ» እንላለን።

ስለ ሌላ ሰው የሚከራከረውን ሰው አማርኛ በሁለት ስም ይጠራዋል። «ጠበቃ» ከ«ጠበቀ» የወጣ ስለሆነ ትርጉሙ ግልጽ ነው። «ነገረ ፈጅ» ነገርን የሚፈጽም፥ ከዳር የሚያደርስ ማለት ነው፤ ይሁንና «ፈጀ» ማጥፋትንና መጨረስንም ስለሚያመለክት፥ «ጊዜ ፈጀ» የሚለውም አነጋገር ስላለ፥ ቀጠሮ የሰለቸው ባለጉዳይ ስሙን በሌላ መንገድ ቢፈታው አንፈርድበትም። ዛሬ «ነገረ ፈጅ» ይበልጥ የሚነገረው በመሥሪያ ቤትና በባንክ በደመወዝ ተቀጥሮ ስለ ድርጅቱ ለሚከራከር ሰው ሲሆን፥ ፈቃድ አውጥቶ ለሕዝብ የሚሠራው «ጠበቃ»፥ ሙያውም «ጥብቅና» ሆኗል። የ2013 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1249ም ይህንኑ «ጥብቅና» የሚለውን ስም ይዟል።

በ1934 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 2 ፍርድ ቤቶች እንደገና ከተደራጁ በኋላ ሙግቱ እየዋለ እያደረ ወደ መዝገብና ወደ ጽሕፈት ገባ። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዐት ሕግ ደግሞ በ1908 እ.ኤ.አ. ከወጣው የሕንድ ሕግ ብዙ ነገር ወስዷል። በሕንዱ ሕግ ውስጥ ሁለት ሐሳቦች ጎን ለጎን ይገኛሉ፤ አንዱ ለተከራካሪ «ጊዜ መስጠት»፥ ሌላው ነገሩ የሚሰማበትን ቀን «ማስተላለፍ» ነው። አንዱ ለሰውየው የሚሰጥ ነው፤ ሌላው በችሎቱ ሥራ ላይ የሚደረግ ለውጥ ነው። በአማርኛ ሁለቱም «ቀጠሮ ሰጠ» ተብለው ያልፋሉ። የመጀመሪያው ቀንም ቀጠሮ፥ የተለወጠውም ቀን ቀጠሮ ነው። ልዩነቱ የሚያስከትለው ጉዳት ቀላል አይደለም፤ ከሳሽ በቀኑ ካልቀረበ ክሱ ሊዘጋበት፥ ተከሳሽ ካልቀረበ ነገሩ በሌለበት ሊሰማበት ይችላልና። «ቀጠሮ ጠይቄያለሁ» ያለ ሰው «ቀጠሮ ተለውጦልኛል» ማለቱ እንዳልሆነ ካልተረዳ፥ ወይም ተርጓሚው ካላስረዳው፥ ቤቱ ተቀምጦ ሊረታ ይችላል።

ከዚህ ላይ ጠበቃ በማጣት የሚቀርበው ጥያቄ ራሱ አንድ ዐይነት አለመሆኑን ልናስተውል ይገባል። «ጠበቃ አልያዝኩም»፥ «ጠበቃዬ አልቀረበም»፥ «ጠበቃ ለማቆም ዐቅም የለኝም» ሦስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ሕንዶች ሕጋቸውን በ1976 እ.ኤ.አ. ሲያሻሽሉ ይህንኑ ለይተው ጻፉ። ጠበቃው በሌላ ፍርድ ቤት ሥራ ስለ ያዘ ብቻ ቀን አይተላለፍም፤ ታምሞ ወይም በሌላ ምክንያት መከራከር ካልቻለ ግን ባለጉዳዩ በጊዜው ሌላ ጠበቃ ሊያገኝ ይችል እንዳልነበር ፍርድ ቤቱ ማመን አለበት። በ1999 እ.ኤ.አ. ባወጡት ማሻሻያ ደግሞ በአንድ ክስ ለአንድ ወገን ከሦስት ጊዜ በላይ ቀን እንዳይተላለፍ ደነገጉ። እንግዲህ አንድ ተርጓሚ ሦስቱንም «ጠበቃ የለኝም» ብሎ ቢያጠቃልላቸው የባለጉዳዩን ምክንያት አሳጥቶታል ማለት ነው።

በእንግሊዝኛው «አድጆርን» የሚለው ቃል ከፈረንሳይኛ «ዡር»፥ ማለት ቀን፥ የተገኘ ነው፤ ወደ ተወሰነ ቀን ማድረስ ማለት ስለሆነ ከእኛ «ቀጠረ» ጋር አንድ ሐሳብ ነው። አሜሪካኖች የሚመርጡት «ኮንቲኒዩዋንስ» ግን ፊቱ ሌላ ነው። በጥንቱ የእንግሊዝ ችሎት ነገሩ ከአንድ የችሎት ወቅት ወደ ሌላው ሲሻገር እንዳልተቋረጠ በመዝገብ ይጻፍ ነበር፤ ያልተጻፈለት ነገር እንደ ተቋረጠ ይቈጠራል። ብላክስቶን የስሙን ምክንያት የገለጸው በዚሁ መንገድ ነው። ስለዚህ ቃሉ «መቀጠል» የሚል ሐሳብ ቢኖረውም በተግባር ዛሬ ነገሩ አይሰማም ማለት ነው። በአሜሪካ ፍርድ ቤት የሚያስተረጕም ኢትዮጵያዊ ቃሉን በቀጥታ «ክርክሩ ይቀጥላል» ብሎ ቢፈታው ፍጹም ተቃራኒውን ተናገረ። «ቀጠለ»ና «ቀጠረ» በአንድ ፊደል ብቻ የሚለያዩ መሆናቸው ስሕተቱን ለጆሮ ያቀርበዋል፤ ሥራቸው ግን የተለያየ ነው።

በዚያው አገር ስለ ጠበቃ የሚነገረውም ጥንቃቄ ይሻል። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1963 እ.ኤ.አ. በከባድ ወንጀል ለተከሰሰ ድኻ መንግሥት ጠበቃ እንዲያቆምለት ቢፈርድም፥ በ1981 እ.ኤ.አ. የወላጅነት መብቷን ልታጣ ስለነበረች እናት በተሰጠው ፍርድ፥ በእንዲህ ያለ የፍትሐ ብሔር ጉዳይ ሁሉ ጠበቃ ማቆም ግዴታ እንዳልሆነ ወስኗል። በእኛም የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 20 በመንግሥት ወጪ ስለሚቆም ጠበቃ የሚናገረው ለተከሰሱ ሰዎች ነው። እንግዲህ በፍትሐ ብሔር «ጠበቃ የማግኘት መብት አለህ» ብሎ መተርጐም ያልተሰጠ ነገር መስጠት ነው፤ «ጠበቃ ልትይዝ ትችላለህ» ማለት ይበቃል።

በእኛ አስተያየት ለመጀመሪያው ቀን «ቀጠሮ»፥ ለተለወጠው «ተለዋጭ ቀጠሮ»፥ ለተከራካሪ ለሚፈቀደው ፋታ «ጊዜ መስጠት» ቢባል ሁሉም በሥራ ላይ ያሉ ቃላት ስለሆኑ አዲስ ቃል መፍጠር አያስፈልግም። «ማገድ» ለሌላ ትእዛዝ ይቀመጥ። አንድ ነገር ግን ሳይነሣ አይታለፍም። «በደኃ ደንብ» የሚባለው የዳኝነት ገንዘብ ሳይከፍሉ የመክሰስ ፈቃድ ነው እንጂ ጠበቃ የሚያስገኝ አይደለም። ሕንዶች በዚያው በ1976ቱ ማሻሻያ ጠበቃ ለሌለው ችግረኛ ፍርድ ቤቱ ጠበቃ እንዲመድብለት አንድ ደንብ ጨመሩ፤ «ፖፐር» የሚለውንም ቃል ሽረው በምትኩ ችግረኛ ማለት የሆነውን «ኢንዲጀንት» አስገቡ። የእኛው ሕግ የተቀዳው ከዚያ በፊት ስለ ነበረ ደንቡም ቃሉም አልደረሰለትም፤ «ደኃ ደንብ» እስካሁን ይነገራል።