የአርሲዋ ልጃገረድ ክስና የታሪኳ ባለቤትነት

የመርካቶው ዱባይ ተራ ስሙን ያገኘው ከዱባይ ከሚመጣው ሸቀጥ ነው። እዚያ አንድ ዕቃ ከመደርደሪያው የሚነሣው ባለቤቱ ዋጋውን ቆርጦ እሺ ሲል ነው። በደል የደረሰበት ሰው ታሪክ ወደ ሸራ በሚወጣበት ጊዜ ግን እሺታው ከማን እንደሚጠየቅ በኪነ ጥበቡ ዓለም ገና በቅጡ አልተወሰነም። ለዚህ ጉዳይ ከአገራችን የፊልም ታሪክ የአበራሽ በቀለን ክስ ያህል ግልጽ ምሳሌ ማግኘት ያዳግታል።

አበራሽ በአርሲ የምትኖር የ14 ዓመት ተማሪ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1996 ከትምህርት ቤት ወደ ቤቷ ስትመለስ ፈረሰኞች ጠለፏት። ተደፈረች፤ ተዘጋባትም። ጠብመንጃ ይዛ አመለጠች፤ ተከታትለው በደረሱባት ጊዜም ተኩሳ ጠላፊዋን ገደለች። በአካባቢው ልማድ ጠለፋ የጋብቻ አንዱ መንገድ ሆኖ ይቆጠር ስለ ነበር፣ ለብዙዎች በደል የመሰላቸው የሰውየው መሞት እንጂ የልጅቱ መጠለፍ አልነበረም።

ሕጉም ቢሆን ከልማዱ ብዙ አልራቀም። በጊዜው ይሠራበት የነበረው የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠለፋን የሚያስቀጣ ወንጀል ቢያደርገውም፣ ጠላፊው የጠለፋትን ሴት በሕግ ያገባት እንደ ሆነ ክሱ እንዲቀር ይፈቅድ ነበር። በሌላ አነጋገር የበደሉ ማጠናቀቂያ የበደሉ ማስተሰረያ ሆኖ ተቆጠረ። በዚህ ሁኔታ ነበር እ.ኤ.አ. በ1995 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ለአበራሽ ጥብቅና የቆመው። የማኅበሩ መሥራች ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ ነበሩ፤ እኒሁ ሴት ከ2011 ዓ.ም. አንሥቶ እስከ 2015 ዓ.ም. የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆነው ማገልገላቸውም መጠቀስ ይገባዋል። ከሁለት ዓመት ያህል ክርክር በኋላ ፍርድ ቤቱ ድርጊቱን ራስን መከላከል ነው ብሎ በነፃ አሰናበታት። ወደ ትውልድ መንደሯ ተመልሳ መኖር ግን አልቻለችም። ፍርድ ቤቱ በነፃ ያሰናበታትን መንደሩ አልማራትም።

ዘጋቢ ፊልሙ የተሠራው በዚህ ጊዜ ነው። ሻርሎት ሜትካፍ ያዘጋጀችውና እ.ኤ.አ. በ1999 በእንግሊዙ ቢቢሲ የታየው ሥራ «ነፍሰ ገዳይዋ ተማሪ» ተብሎ ሊተረጎም የሚችል ርእስ ነበረው። ፊልሙ ልጅቱን በስሟና በመልኳ ለዓለም አሳየ። ርእሱ ግን ፍርድ ቤቱ ያነሣላትን ስም መልሶ ለጠፈባት። ተመልካችን ለመጥራት ሲባል የተመረጠ መሆኑ አያጠራጥርም፤ ቢሆንም ርእስ የሥራው የመጀመሪያ ፍርድ ነው፣ ይህኛውም ፍርድ የተዛባ ነበር።

ከ15 ዓመት በኋላ የዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ «ድፍረት» ወጣ። ርእሱ በአማርኛ ሁለት ፊት አለው፤ ጀግንነትንም ያመለክታል፣ መደፈርንም። እዚህ ላይ ዳይሬክተሩ ቋንቋውን በሚገባ ተጠቅሞበታል። ልጅቱ በፊልሙ ውስጥ ሂሩት ተብላለች፤ የጠበቃዋን ቦታ ሜሮን ጌትነት ተጫውታዋለች። ሥራው እ.ኤ.አ. በ2014 በሰንዳንስም በበርሊንም የተመልካቾችን ሽልማት ተቀበለ።

ነገር ግን በ2006 ዓ.ም. ማብቂያ በአዲስ አበባ ሊመረቅ ተመልካች በተሰበሰበበት ምሽት የፍርድ ቤት እግድ ደረሰ። አቤቱታ አቅራቢዋ አበራሽ ነበረች፤ ታሪኬ ያለ ፈቃዴ ተሠርቷል የሚል ነበር ክርክሯ። የባለታሪኳ ስም መለወጡ ከለላ ሊሆናት ይችላል የሚል ሰው ይኖራል። የተለወጠው ስም ግን አላስረሳትም፤ የፊልሙ ሂሩት አበራሽ መሆኗን የሚያውቅ ሁሉ ያውቅ ነበር። እግዱ ከጊዜ በኋላ ተነሥቶ ፊልሙ በአገር ውስጥ ታይቷል።

ከዚህ ሁሉ በፊት፣ በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው አዲሱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 587 ጠለፋን ከ3 እስከ 10 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት እንዲያስቀጣ አድርጎ ነበር፤ ከጠለፋው በኋላ የሚፈጸም ጋብቻም ጠላፊውን ከተጠያቂነት እንደማያድነው በግልጽ ደነገገ።