ሩሲያ ጠርሙሱን ስታግድ የተረፈው ጋን

በማርች 2006 ሩሲያ የጆርጂያ ወይን ጠጅ ወደ ግዛቷ እንዳይገባ አገደች። (ጆርጂያ ሲባል የአሜሪካው ግዛት ሳይሆን በካውካሰስ ተራሮች ሥር፣ ጥቁር ባሕር ዳር ያለችው አገር ናት። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታትም ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ሞስኮ የሰጠችው ምክንያት በወይኑ ውስጥ የፀረ ተባይ መድኃኒትና የከባድ ብረት ቅሪት ተገኝቷል የሚል ነበር። ትብሊሲ ውስጥ ይህን ያመነ ሰው ጥቂት ነው። በ2003ቱ ሕዝባዊ አመጽ ማግስት ሥልጣን የያዘው የሚኬይል ሳካሽቪሊ መንግሥት ፊቱን ወደ ምዕራብ አዙሮ ስለነበር፣ እገዳው ለዚያ የተሰጠ ቅጣት ተደርጎ ተቆጠረ።

ቅጣቱ ያረፈው የሚያም ቦታ ላይ ነው። ጆርጂያ ወደ ውጭ ከምትሸጠው አምስት ጠርሙስ ወይን አራቱን ያህል የምትገዛው ሩሲያ ነበረች። በሁለት ዓመት ውስጥ አገሪቱ ከወይን የምታገኘው የውጭ ገቢ ከግማሽ በታች ወረደ። ለመሆኑ ወይንን ከማንም ቀድሞ ጠመቀ የሚባል ሕዝብ እንዴት በአንድ ገዢ እጅ ወደቀ? ከወደቀበትስ ያነሳው ምንድን ነው?

"ከማንም ቀድሞ" የተባለው ለጉራ አይደለም። በ2017 የታተመ አንድ ጥናት፣ ከትብሊሲ በስተደቡብ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ከሚገኙ ጥንታዊ የመንደር ፍርስራሾች የተቆፈሩ የሸክላ ስባሪዎችን መርምሮ የወይን ኬሚካላዊ ቅሪት አግኝቶባቸዋል። ስባሪዎቹ ወደ 8000 ዓመት የሚጠጋ ዕድሜ አላቸው። ከዚያ የሚቀድም የወይን መጥመቂያ ሸክላ እስካሁን በሌላ አገር በማስረጃ አልተገኘም።

ጆርጂያውያን ዛሬም የሚጠምቁት በሸክላ ነው። ዕቃውን "ክቬቭሪ" ይሉታል። እንቁላል የመሰለ፣ ታቹ የሾለ ትልቅ ጋን ነው። አንዳንዱ ከአንድ ሺህ ሊትር በላይ ይይዛል። ሸክላ ሠሪው ጭቃውን በእጁ እየደራረበ ለሳምንታት ይገነባዋል፤ ሲደርቅ በእንጨት እሳት ይተኮሳል፤ ውስጡ በንብ ሰም ይቀባል። ከዚያ እስከ አንገቱ መሬት ውስጥ ይቀበራል። በመከር ወቅት የተጨመቀው ወይን ከነልጣጩ፣ ከነፍሬው፣ አንዳንዴም ከነአንጓው ይገባበታል። ፈልቶ ሲያበቃ አፉ ተከድኖ በአፈር ይመረግና አምስት ስድስት ወር ይቆያል። አተላው በሾለው ታች ይዘቅጣል፤ ከላይ ያለው ይጠራል። መሬቱ በጋውንም ክረምቱንም አንድ ዓይነት ቅዝቃዜ ስለሚሰጠው ማሽን አያስፈልገውም። ከነጭ ወይን የሚወጣው መጠጥ ቀለሙ የጠጅ ነው፤ ጣዕሙ እንደ ጠንካራ ሻይ ምላስን ያዝ ያደርጋል። የቀረው ልጣጭም አይጣልም፤ "ቻቻ" የሚባል አረቄ ይወጣዋል።

የጠላ ጋን በግራዋ ታጥቦ በወይራ ሲታጠን ያየ ሰው ይህ ሁሉ እንግዳ አይሆንበትም። ጆርጂያና ኢትዮጵያ በሌላም ይመሳሰላሉ። ሁለቱም በአራተኛው መቶ ዘመን ክርስትናን የተቀበሉ፣ የየራሳቸው ፊደል ያላቸው፣ በኢየሩሳሌም መነኮሳት የነበሯቸው አገሮች ናቸው። ጆርጂያውያን ወንጌልን ያመጣችልን የሚሏት ቅድስት ኒኖ የያዘችው መስቀል፣ በትውፊታቸው መሠረት፣ ከወይን ሐረግ ተሠርቶ በጸጉሯ የታሰረ ነው። ወይን ለእነሱ ከሸቀጥ በፊት የቤትና የእምነት ነገር ነበር።

ይህን ወደ ሸቀጥነት የለወጠው የሶቪየት ዘመን ነው። ቀይ ጦር በ1921 ጆርጂያን ከያዘ በኋላ የወይን እርሻዎች ወደ ኅብረት እርሻ ተጠቃለሉ። በ1929 "ሳምትሬስት" የተባለ የመንግሥት ድርጅት ተቋቋመና የወይን ምርቱን በአንድ እጅ ያዘ። አገሪቱ ከ500 በላይ የራሷ የወይን ዝርያዎች አሏት፤ ፋብሪካው ግን ብዙ የሚያፈሩትን ጥቂቶቹን ነበር የሚፈልገው። የዚህና የዚያ መንደር ፍሬ በአንድ ገንዳ ተደባለቀ። ለሰፊው የሶቪየት ገበያ የሚስማማው ጣፈጥ ያለ ወይን በገፍ ተመረተ። አምራቹ የሚመዘነው በኪሎ ነበርና ከየትኛው ኮረብታ እንደመጣ የሚጠይቀው አልነበረም። በ1985 ደግሞ ጎርባቾቭ የጸረ አልኮል ዘመቻ አወጀና በርካታ የወይን ተክል ከነሥሩ ተነቀለ።

ጋኑ ግን ከጓሮ አልጠፋም። ገበሬው ለራሱ በተተወችለት ቁራሽ መሬት ላይ ለሠርግ፣ ለሐዘንና ለእንግዳ የሚሆነውን ወይን መጥመቁን ቀጠለ። ለፋብሪካው የሚያስረክበውን በኪሎ ያስረክባል፤ ቤቱ የሚጠጣውን እንደ አያቱ ይጠምቃል። ለባለሥልጣናቱ ይህ የኋላ ቀሮች ልማድ ስለነበር ማንም በቁም ነገር አልቆጠረውም። አለመቆጠሩ ሳያድነው አልቀረም።

በ1991 ነጻነት ሲመጣ ፋብሪካዎቹ ባለቤት ለወጡ እንጂ ገበያ አልለወጡም። የለመዱት ሩሲያን ነበር። በጆርጂያ ስም የሚሸጥ አስመሳይ ወይንም እዚያው ሩሲያ ውስጥ በዛ። የ2006ቱ እገዳ የመጣው እንዲህ ባለ ጊዜ ነው። ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ጣፋጭ ወይን ለፓሪስ ወይም ለቶኪዮ ገዢ ምን ይነግረዋል? ርካሽ ከሆነ ከዚያ የረከሰ ያገኛል።

ጋኑ የተፈለገው ይሄኔ ነው። እርግጥ ዓይን የጣሉበት ሰዎች ቀድመውም ነበሩ። በጣሊያንና በስሎቬኒያ ድንበር የሚኖረው ዝነኛ ወይን ጠማቂ ዮስኮ ግራቭነር በ2000 ጆርጂያን ጎብኝቶ ከተመለሰ በኋላ ክቬቭሪ አስመጥቶ በራሱ ጓዳ ቀበረ። በ2003 ሶሊኮ ትሳይሽቪሊ የተባለ ሰው ከጥቂት ጓደኞቹ ጋር በካኬቲ ክልል "የእኛ ወይን" የሚል ስም የሰጡትን ጓዳ ከፈተ። መጀመሪያ ያሰቡት ለራሳቸው የሚጠጡትን ንጹሕ ወይን ማግኘት ነበር። በስድስተኛው መቶ ዘመን የተመሠረተው የአላቬርዲ ገዳም ደግሞ የወይን ጓዳውን አድሶ መነኮሳቱ በጋን ወደ መጥመቅ የተመለሱት እገዳው በወጣበት በ2006 ነው።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ፈጠነ። በጓሯቸው ይጠምቁ የነበሩ ቤተሰቦች ጠርሙስ ገዝተው የመንደራቸውን ስም ጻፉበት። የጠማቂዎቹ ቁጥር በመቶዎች፣ ቆይቶም ከሺህ በላይ ሆነ። በምሥራቁ በካኬቲ ልጣጩ ከነአንጓው ለወራት ይቀመጣል፤ በምዕራቡ በኢሜሬቲ ልጣጩ ጥቂት ነው፣ ወይኑም ቀለል ይላል። ፋብሪካው የደባለቀው ይህ ልዩነት አሁን የዋጋ ምክንያት ሆነ። በዲሴምበር 2013 ዩኔስኮ የክቬቭሪን የወይን አጠማመቅ በማይዳሰሱ የሰው ልጅ ቅርሶች መዝገብ አሰፈረው። የዚህ ወይን ጠርሙስ በለንደን፣ በኒው ዮርክና በቶኪዮ ምግብ ቤቶች መታየት ጀመረ።

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ደስ ይል ነበር። አላለቀም። በዚያው በ2013 ሩሲያ እገዳውን አነሳች፤ ነጋዴውም ተመልሶ ሄደ። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ከጆርጂያ ወይን የውጭ ሽያጭ ከግማሽ በላይ የሚሆነው እንደገና ወደ ሩሲያ ነው የሚጓዘው። መካከል ላይ የ2008ቱ ጦርነት እንኳ አለ። በጋን የሚጠመቀው ወይን ከአገሪቱ ምርት አንድ አሥረኛውን አይሞላም። ነገ ሞስኮ በሩን ብትዘጋ የሚጎዱት ፋብሪካዎችና ለእነሱ ፍሬ የሚያቀርቡ ገበሬዎች ናቸው። በመንደሩ ስም የሚሸጠው ትንሽ ጠማቂ ግን ገዢው ብዙ አገር ላይ ተበትኗል። ወይኑን የሚፈልግ ሰው በሌላ ወይን አይለውጠውም።

እዚህ ላይ ቡና ትዝ ካላለ ሌላ ምን ትዝ ይላል? ጆርጂያ በእገዳው በተመታችባቸው ዓመታት ኢትዮጵያ ይርጋጨፌ፣ ሲዳሞና ሐረር የሚሉትን ስሞች በአሜሪካ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ ትሟገት ነበር። በ2007 ከስታርባክስ ጋር ስምምነት ላይ ተደረሰና ስሞቹ የኢትዮጵያ መሆናቸው ታወቀ። በዓመቱ፣ በ2008፣ የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ተቋቋመ። ቡናም ከገበሬዎች ዩኒየኖችና ከትልልቅ እርሻዎች በቀር በዚያ በኩል እንዲያልፍ ተደረገ። ገበያው ለገበሬው የዋጋ መረጃ፣ ለሻጩ የተረጋገጠ ክፍያ አምጥቷል፤ ይህን መካድ አይቻልም። ቡናው ግን በአካባቢና በደረጃ ተመድቦ በመጋዘን ይቀላቀል ነበር። ገዢው ከየትኛው ማጠቢያ ጣቢያ እንደመጣ ማወቅ አልቻለም። በአንድ እጅ ስሙን አስከብረን በሌላው እጅ አድራሻውን ፋቅነው። ሕጉ ተሻሽሎ አምራቹ ቡናውን ከነአድራሻው መሸጥ እንዲችል እስኪፈቀድለት እስከ 2017 መጠበቅ ነበረበት።

ጆርጂያን ያዳናት ዕቅድ አልነበረም። ማንም ሳይቆጥረው በጓሮ የቀረ ልማድ ነው። ይህ ዕድል ነው፣ ዕድል ደግሞ ሁልጊዜ አይደገምም። ክቬቭሪ የሚሠሩ ቤተሰቦች ዛሬ በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ሠሪው ሲሞት ሙያውም አብሮት ይቀበራል። እዚህስ? የየአካባቢውን ጠጅ፣ ጠላ፣ ማርና ቡና ልዩነት በስሙ የሚያውቁ እናቶችና አባቶች አሁንም አሉ። እነሱን ለመጠየቅ የሆነ አገር በሩን እስኪዘጋብን መጠበቅ አያስፈልግም።